የፋጤ ያሲንና የኔ መንጋጋ

ሰኞ

ዛሬም አንዱን ጉርሻ ሦስት ቦታ ከፍዬ ነው የዋጥሁ። ግራ ጆሮዬ ሥር፣ መንጋጋው የሚጋጠምበት ላይ፣ አፌን ስከፍት ቀጭ ይላል፤ ከሁለት ጣት በላይ አይከፈትም። ጁምዓ ደግሞ የሚስቴ የፋጤ የዓመት ሰደቃ ነው። «ስሞት ከቁርኣን ያሲኑን አንተው ቅራልኝ» ብላኝ ነበር። የቀበርናት ቀን ሳግ ይዞኝ ሸሁ ቀሩላት። ዘንድሮስ?

ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ነርሷ ገና ልጅ ናት። ያለችኝ፦ የምላስን ጫፍ ላንቃ ላይ አስደግፎ አፍን ቀስ ብሎ መክፈትና መዝጋት፣ ስድስት ጊዜ። በሞቀ ጨርቅ መያዝ። ከንፈር ሲገጠም ጥርስ እንዳይነካካ። ቆሎም ጫትም ለጊዜው ይቅር። ጫቱ ከበደኝ።

ማክሰኞ

ስድስት ምን ያደርጋል ብዬ በመስበሃ መቁጠሪያዬ ቆጠርሁ። ከየሰላቱ በኋላ ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ ሦስት። መድኃኒትም እንደ ዱዓ ሲበዛ ይሻላል የምል ሰው ነኝ። ከዙሁር በኋላ ጉንጬ ጋለ። ለዐሱር አፌ አንድ ጣት ብቻ።

ሮብ

ተመልሼ ሄድሁ። ስንት እንደሠራሁ ስነግራት አቀርቅራ ሳቀች።

«አባባ፣ ይኼ እኮ ዚክር አይደለም። ሲበዛ ይቆጣል።»

ስድስት፣ ከስድስት አንድም እንዳላልፍ አስማለችኝ። ቀጥላ፣ ሲተኙ ጥርስዎን ያፋጫሉ ወይ አለችኝ። ምን አውቄ፣ ብቻዬን ነው የምተኛ አልኋት። ዓመት ሙሉ «ብቻዬን» የምትለዋን ቃል ለሰው ብያት አላውቅም። ያቺው ቃል እስከ ቤቴ አብራኝ መጣች።

ሐሙስ

የፋጤ ታላቅ እህት እትዬ ጦይባ ከከላላ በበቅሎ መጡ። አፌ አልከፈት ማለቱን ሰምተው ኖሮ፣ ገና ሳይወርዱ ለጎረቤት እረፍት ነው ብለው ቀለዱብኝ። አጥሚት አፍልተው ሰጡኝ። ነርሷ የጠየቀችኝን ስነግራቸው ቀልዱን ተዉት።

«አታውቅም እንዴ? ፋጤ እኮ እንደ ወፍጮ ሲፈጭ ያድራል፣ ጉንጩን በመዳፌ ስይዝለት ይተዋል ትለኝ ነበር።»

መዳፏንስ አውቀዋለሁ። በእንቅልፍ ልቤ ይሰማኝ ነበር። በዚህ ዕድሜያችን ምን መዳበስ ነው እያልሁ አንዳንዴ እገፋው ነበር። ተይኝ ልተኛ እላት ነበር። ሠላሳ ዓመት። ስንት ሌሊት ተነሳች? አንድ ቀን አላህ ይስጥሽ አላልኋት። ያ ረቢ፣ አንተ አድርስልኝ።

ስድስቱን ሠራሁ። ስድስት ብቻ። የራሴን መዳፍ ጉንጬ ላይ አድርጌ ሞከርሁት፤ ሻካራ ነው።

ጁምዓ

ጠዋት አፌ ሁለት ጣት ተከፈተ። አልሐምዱሊላህ። ከሰላት በኋላ ሰው ተሰበሰበ፣ ሰደቃው ተበላ። እኔ ወጥ ያራሰውን ብቻ ቀመስሁ። ሸሁ ልቅራልህ ወይ በሚል ዓይን አዩኝ። እኔው ልሞክር አልሁ።

ጀመርሁ። ድምፄ ከጥርሴ መሐል እየሾለከ ወጣ። ግማሹ ላይ መንጋጋዬ ቀጭ ብሎ ያዘኝ፣ ቆምሁ። ማንም አልተካኝም። እትዬ ጦይባ ከሴቶቹ በኩል፦

«ቀስ በል ሰይዴ፣ እሷ እንደሁ አትቸኩልም» አሉ።

ምላሴን ላንቃዬ ላይ አስደገፍሁ። ተነፈስሁ። ቀስ እያልሁ ጨረስሁላት።

አሁን መግሪብ ተሰግዷል፣ እንግዳው ተበትኗል። ጉንጬ ይጠዘጥዘኛል፤ ግን ሥራ የዋለ ሰው ሕመም ነው። ዛሬ ሳፋጭ ልደር አልደር የሚነግረኝ የለም። ነገ ንጋት ለሱብሂ ሰላት አፌን ስከፍት አውቀው ይሆናል።