ቅርጫቴን በተራ ቁጥር ሰባት ላይ ስላሰፈሩልኝ

ለክቡር ዶክተር ረናቶ ስፓዳፎራ
የናፖሊ ከተማ ከተለመደው ወጣ ያሉ ጉብኝቶች መምሪያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱ ጉልበቶችዎ ፍጹም ጤነኞች ሆናችሁ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። ጉልበትን ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእኔዎቹ ከከዱኝ ሰንብተዋል፣ የምኖረውም አሳንሰር በሌለው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስሜ ኤርሲሊያ ካፓሶ ይባላል። ዕድሜዬን የቆዳ ጓንት ስሰፋ ኖሬ አሁን የቀረኝ ሥራ ቢኖር በመስኮቴ ቅርጫት ማውረድና ቅርጫት መሳብ ነው። እርስዎ እኔን ባያውቁኝም ቅርጫቴን ግን ያውቋታል፤ «በናፖሊ ማንም የማያደርጋቸው አሥራ አንድ ነገሮች» በተሰኘው የጎብኚዎች መጽሐፍዎ ውስጥ በተራ ቁጥር ሰባት፣ የሙታን ራስ ቅሎች ከተደረደሩበት ዋሻ ቀጥሎ አስፍረዋታልና። እናቴ፣ እናቷና የሰፈሩ ሴት ሁሉ በየቀኑ ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ማንም የማያደርገው መሆኑን የተረዳሁት ከዚሁ መጽሐፍ ነው። ለትምህርቱ አመሰግናለሁ።

ነገሩ እንኳን ለመጽሐፍ ለወሬም የሚበቃ አልነበረም። ከመስኮቴ በታች ዶን አኒዬሎ ዳቦና አይብ የሚሸጥባት ሱቅ አለች። ጠዋት ጠዋት ቅርጫቴን አወርዳለሁ፣ እሱ ዳቦዬን፣ አይቤንና ከማዶ ካለው ፋርማሲ የሚያመጣልኝን የደም ግፊት መድኃኒቴን ያስቀምጣል፣ ገመዱን ሁለቴ ነካ ያደርጋል፣ እኔም እስባለሁ። «ዶን አኒዬሎ! ዳቦው የትናንት እንዳይሆን!» እለዋለሁ። «የትናንት ብሰጥዎ ገመዱን አንገቴ ላይ ያጠልቁልኝ የለ እንዴ፣ ዶና ኤርሲሊያ! ይሳቡ በቃ!» ይለኛል። ይኸው ነው ጉዱ። ይህን ለማየት ሰው ከባሕር ማዶ በአውሮፕላን ይመጣል ብሎ የነገረኝ ቢኖር ጠበል ውሰዱት እል ነበር።

ምስጋናዬን ከዚህ በላይ እንዳላበዛ የሚከለክሉኝን ጥቂት ነገሮች ግን በትሕትና ልዘርዝር።

አንደኛ፤ በእኛ ሰፈር ገመድ የሚነካ ቅርጫት ውስጥ የሚያስቀምጠው ነገር ያለው ሰው ብቻ ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። መጽሐፍዎ ግን «ገመዱን ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ዕድለኛ ከሆኑ አሮጊቷ ብቅ ትላለች» ሲል ይመክራል። ዕድለኛው በዝቷል፣ ክቡር ሆይ። መድኃኒቴ መጣ ብዬ በእነዚህ ክንዶቼ አራት ፎቅ ሙሉ የሳብኩት የብርቱካን ልጣጭ፣ የሕፃን አንድ እግር ካልሲ፣ ባለፈው እሑድ ደግሞ ቀይ ሹራብ የለበሰ ትንሽ ውሻ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ውሻው እስከ ላይ እያለቀሰ መጣ፣ እኔም ሳየው ጮህኩ። ባለቤቱ ከታች ሆኖ በእጁ «አንዴ ይድገሙልኝ» እያለ ይለምነኛል፤ ፎቶው ደብዝዞበት ነው አሉ።

ሁለተኛ፤ ቢጫ ጃንጥላ የምትይዘው አስጎብኚዎ ሥራዋን በጣም የምትወድ ልጅ ናት። ሰዎቿን መስኮቴ ሥር ሰብስባ፣ «ቶሎ ቶሎ አንሱ፤ እንዲህ ዓይነቶቹ ብዙም አይቆዩም» ስትል ሰማኋት። «አንቺ ልጅ! የደከመው ጉልበቴ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም!» አልኳት ከላይ። ሰዎቹ አጨበጨቡልኝ። ለካ እሱም የጉብኝቱ አካል መስሏቸው ኖሯል።

ሦስተኛ፤ «የሕያው ቅርስ የክብር ምስክር ወረቀት» ስለሸለሙኝ እጅ እነሳለሁ። ጥሪው «ተሸላሚዋ በመምሪያው ሦስተኛ ፎቅ በአካል ካልቀረቡ ሽልማቱ ይሰረዛል» ይላል። ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት ለሚችል ሰው ቅርጫት ምን ያደርግለታል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው በመሥሪያ ቤትዎ አልተገኘም መሰለኝ። ሥራ በዝቶባችሁ ነው፤ እረዳለሁ።

አራተኛውን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው። የዶን አኒዬሎ ሱቅ ቤቱ የመምሪያችሁ ነውና በዚህ ወር መጨረሻ እንዲለቅ አዛችሁታል። በምትኩ የሚከፈተው ሱቅ ምን እንደሚሸጥ ስጠይቅ፣ ማቀዝቀዣ በር ላይ በማግኔት የምትለጠፍ ትንሽዬ ቅርጫት ነው አሉኝ። የእኔኑ ቅርጫት የምትመስል፣ ገመድ ያላት። እንግዲህ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ቅርጫቴ ቅርጫት ይዛ ትወጣለች ማለት ነው። እሷን በወይራ ዘይት ነክሬ ቁርስ እንዳደርጋት የሚያስረዳ ገጽ በመጽሐፍዎ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ማዕድ ቤቴ ውስጥ አንሸራትቶኝ ወደቅሁ። ወለሉ ላይ ተዘርሬ ዶን አኒዬሎ ከታች ሲጣራ እሰማለሁ፤ ድምፄ ግን አይወጣም። «ዶና ኤርሲሊያ! ቅርጫቷስ? ኧረ ዶና ኤርሲሊያ!» ቀጥሎ የሰማሁት የደረጃውን ኳኳታ ነው። ያ ቦርጫም ሰው አራቱን ፎቅ ሮጦ ወጥቶ በሬን በትከሻው ሰበረው። አጠገቤ ተንበርክኮ ትንፋሽ እያጠረው፣ «ቅርጫት የሌለበት ጠዋት አይመቸኝም፣ አይድገሙብኝ» አለኝ። ቱሪን ያለው ልጄ ነገሩን የሰማው እንደ ልማዱ እሑድ ሲደውል ነው። ልጄ መጥፎ ሰው አይደለም፤ ሩቅ ነው እንጂ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለውም ለዚሁ ነው። አሁን ሱቁ ከተዘጋ ወስዶኝ መስኮቱ የማይከፈት ቤት ሊያኖረኝ ነው፤ አልሄድም ብዬዋለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ይህንን በትሕትና የሚባልበትን መንገድ አላውቅም። ቅርጫቴን ፎቶ ያንሱ፣ ይሳሉ፣ ከፈለጉ ሐውልት ያቁሙላት፤ ዶን አኒዬሎን ግን ከመስኮቴ ሥር አያንሱብኝ። ቅርጫት ያለ እሱ ገመድ የታሰረበት ስንጥር ነው። በኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን አስቀድሜ መናገሬ ነው።

ይህን ደብዳቤ ትናንት በቅርጫቷ አውርጄው ነበር። መጀመሪያ ያነሳችው አንዲት እንግዳ ሴት ነበረች፤ ፎቶ አንስታው በጥንቃቄ መልሳ አስቀመጠችው፤ እኔም ስቤ ይህችን ጨመርኩበት። ለእርስዎም፣ ቅጂውን ለከተማው ጋዜጣም የሚያደርሰው ዶን አኒዬሎ ነው። ከወሩ መጨረሻ በኋላ ደብዳቤ የሚያደርስልኝ ስለማይኖር፣ ደስ ይበልዎት፣ አልጨቀጭቅዎትም።

ለመምሪያዎ የደረጃ ሳይሆን የአሳንሰር ዘመን እንዲሆንለት እየተመኘሁ፣ ከፍ ካለ አክብሮትና ከፍ ካለ ፎቅ ጋር፣

ተራ ቁጥር ሰባት
ኤርሲሊያ ካፓሶ፣ ጡረተኛ ጓንት ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ መጽሐፍዎ በድጋሚ ሲታተም አንድ እርማት ቢያደርጉልኝ ውለታዎን አልረሳም። በተራ ቁጥር ሰባት መጨረሻ ላይ «ቅርጫቱ ካልወረደ አይዘኑ፤ በሚቀጥለው መንገድ ሌላ ያገኛሉ» ይላል። እሱን ሰርዘው በዚህ ይተኩልኝ፦ «ቅርጫቱ ካልወረደ ደረጃውን ይውጡ። አራተኛ ፎቅ፣ አረንጓዴው በር። ካልተከፈተ ይስበሩት።»