የአሰቡ ዓሣ ዓይኖች

ጥቅምት 9 ቀን 1975
ከእንጦጦ ጭራሮ ለቅሜ ስወርድ ጋሽ ኢዶሳ በራችን ላይ ቆመዋል። ከአሰብ ዕቃ የሚያመላልሱ ሾፌር ናቸው። የባሕር ኃይል መርከበኛው ወንድሜ ዓለሙ በጨው የደረቀ ዓሣ ልኮልናል። ደብዳቤ ግን የለም... ይኸው አምስት ወሩ። ዓሣውን የሰጣቸው ጓደኛው ነው፤ እሱን አላዩትም።

ዓሣው እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ነው። አንዱ ጎኑ አሸዋ ይመስላል፣ ሌላው ነጭ። ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ በኩል! እማዬ ገለበጠችው። በነጩ በኩል ምንም የለም።

ጥቅምት 10
እማዬ እህል አልቀመሰችም። ደብዳቤ ተከፍቶ ስለሚነበብ፣ ወታደር ችግሩን በዕቃ ነው የሚናገረው ትላለች። የጎረቤታችን የእትዬ ደብሪቱ ልጅ እግሩ ሲቆረጥ አንድ ካልሲ ብቻ ነበር የላከላቸው።

"ልጄ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል" አለች።

እኔም ፈራሁ።

ጥቅምት 12
እማዬ በባዶ እግሯ እንጦጦ ማርያም ወጣች። ስለት ተሳለች።

ጥቅምት 16
በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እጄን አወጣሁ። እኔ፣ ሰው ፊት ስናገር ድምፄ የሚጠፋው! ስለ ዓሣው ስጠይቅ ክፍሉ ሳቀ። አንዱ "ጥፊ ቀምሶ ይሆናል" አለ። ቲቸር ከበበ አልሳቁም። ሲፈለፈል ዓይኖቹ ግራና ቀኝ ናቸው አሉ። ሲያድግ አንደኛው ቀስ እያለ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ በባሕሩ ወለል ላይ በጎኑ ይተኛል፤ አሸዋ መስሎ፣ ሁለቱንም ዓይኖች ወደ ላይ አድርጎ። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አዋሱኝ።

እማዬ ሥዕሉን ከዓሣው ጋር አስተያየች።

"ሁሉም እንዲህ ናቸው?"

"ሁሉም፣ እማዬ።"

"አልጠፋም በይኛ።"

"ቦታ ቀየረ እንጂ።"

ትንሽ ሽሮ በላች። ዓሣውስ ደህና ነው... ዓለሙስ?

ኅዳር 3
ደብዳቤ መጣ፣ ከነፎቶው! ዓለሙ ፊት ለፊት ተነስቷል። እማዬ አንዱን ዓይን በአውራ ጣቷ ሸፈነች፣ ቀጥሎ ሌላውን። ሁለቱም አሉ። ያን ጊዜ ወደ ባሕር ሊወጣ ስለነበረ ነው ለጓደኛው ሰጥቶ የላከው። ዓሣውንም የላከው እንድንስቅ ብሎ! እማዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ።

የግቢው ሴቶች ተሰበሰቡ። ስለ ዓሣው ሲጠይቋት "እሷን ጠይቋት" ብላ ወደ እኔ አሳየቻቸው። ከመፈልፈሉ ጀምሬ ነገርኳቸው። ድምፄ እስከ መጨረሻው አልጠፋም።

እትዬ ደብሪቱ ብቻ ጠጋ ብለው "ዓይኑ ሲዞር ያመዋል እንዴ?" አሉኝ።

"አላውቅም" አልኳቸው። "ነገ ቲቸርን ጠይቄ እነግርዎታለሁ።"