ፌሮህን አላስቆረጥኩም

ሐሙስ ጠዋት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል

የልጄ አባት፣ ካቦዬ፣

መቼም ጤናህን ሳልጠይቅ ወደ ነገር አልገባም፤ የዛሬው የጤና ጥያቄዬ ግን ረዘም ያለ ስለሆነ ወደ በኋላ አቆይቼዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ልጅህም ደህና ናት፤ ቁመቷ እኔን አልፎ አሁን ከላይ ወደ ታች እያየች ነው የምትመክረኝ። ቤቱም ደህና ነው፤ እንዲያውም ከመቼውም በላይ ደህና ነው። እሱን ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት። በስልክ እንዳልነግርህ ወሬው ጠንከር ሲል «መስመሩ ተቆራረጠ» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት ግን አይቆራረጥም፤ ቢያናድድህም እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

በል ጥሩ ቦታ ይዘህ ተቀመጥ። ኮንትራክተር ቀጥሬያለሁ።

አዎ፣ ለዚያው ለጓሮው ግንብ ነው። «በገዛ እጄ ነው የምጨርሰው፣ ማንም እንዳይነካብኝ» ብለህ መሠረቱን አውጥተህ፣ ፌሮውን አቁመህ ወደ ሥራህ የሄድክበት ግንብ። እኔም ቃልህን አክብሬ ፌሮው ላይ ልብስ እያሰጣሁ ስጠብቅህ ነበር። ዳገቱ ግን እንደ እኔ ትዕግሥት የለውም። ባለፈው ዝናብ አፈሩ ተንዶ የኩሽናውን የጀርባ በር ዘጋው፤ ጭቃው በመስኮት ገብቶ ምድጃው ላይ ተቀመጠ። በስልክ የነገርኩህ ትንሽ ነው። እኔና ልጅህ በአካፋ ስናወጣ ነበር የሰነበትነው። አንተ እንደምትመጣ ነግረኸኝ ነበር፤ አልመጣህም። ዘንድሮም ዝናቡ ሊገባ ነው፣ አንተም «ሥራ በዛ» ማለት ጀምረሃል። እኔ ደግሞ ሁለት ነገር ወስኛለሁ፦ ዳገቱ ከቤቴ ውጭ እንዲቆም፣ አንተ ወደ ቤትህ እንድትገባ።

ልጅህ «አባዬ መጥቶ የሰው ግንብ ሲያይ ያኮርፋል» አለችኝ። «ይምጣና ያኩርፍ፤ ኩርፊያውም ጭምር ናፍቆኛል» አልኳት።

ለነገሩ የኮንክሪት ሰው ሚስት ሆኜ ኮንትራክተር መቅጠር እንዴት ያቅተኛል? ያን ሁሉ ዘመን ራት ላይ ስለ ጠጠርና ስለ አሸዋ ስታወራኝ የማልሰማህ ይመስልህ ነበር። ሁሉንም ይዤልሃለሁ።

የመጀመሪያው ሰውዬ ጫማው ያበራል። ገና ከአጥሩ በር ሳያልፍ የሠራቸውን ቤቶች በስልኩ እያሳየኝ ገባ። የመኪና መግቢያ በል፣ የበረንዳ ወለል በል፣ የጓሮ ግንብ በል፣ ምኑንም ብጠይቀው መልሱ «ችግር የለም» ነው። «ከግንቡ ጀርባ የሚጠራቀመው ውሃ በየት ነው የሚወጣው?» አልኩት።

«ችግር የለም፣ እትዬ።»

«ችግር ከሌለማ ግንቡን ለምን አሠራዋለሁ?» ብዬ ሸኘሁት።

ሁለተኛው ዐዋቂ ነበር፤ አልክደውም። ለካ፣ ቆፈረ፣ አፈሩን በእጁ አሸት አሸት አድርጎ አየ። እኔም በልቤ ተስማምቼ ነበር። ከዚያ ፌሮህ አጠገብ ቆመና በጫማው ጫፍ መታ መታ አድርጎ «ይሄ ዝጓል፤ ቆርጠን ጥለን ከአዲስ እንጀምራለን» አለ። ምናልባት ልክ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። አንተ በዚያ ፀሐይ ጎንበስ ብለህ አንድ በአንድ ያሰርከውን! «የባለቤቴ እጅ ያረፈበትን አላስቆርጥም» አልኩት፤ ድምፄም ሳላውቀው ተንቀጠቀጠ። ሰውየው የሞትክ መሰለው መሰለኝ፣ ኮፍያውን አውልቆ «ነፍስ ይማር» ብሎኝ ወጣ። እኔም አላረምኩትም፤ ያን ቀን ተናድጄብህ ነበር።

ሦስተኛው ወሬ የማያበዛ፣ ቅንድቡ ዓይኑን ሊሸፍን የደረሰ ሰው ነው። እኔና ልጅህ «ቅንድቦ» ብለን ስም አውጥተንለታል፤ ደግሞ እንዳትነግረው። እኔ ሳልጠይቀው እሱ ቀድሞ «ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዳገቱን ራሱ ወጥቶ አየ። ይህ ደስ ቢለኝም ወዲያው እሺ አላልኩትም። ከዚህ በፊት የሠራው ግንብ የት እንዳለ ጠየቅሁትና ዝናብ ጠብቄ፣ ጃንጥላዬን ይዤ ሄድኩ። የማላውቃቸው ሰዎች ቤት ጀርባ ቆሜ የግንቡን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ስመለከት የቤቱ እመቤት ወጣች።

«ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አለችኝ።

«ምንም። ግንባችሁ ውሃ ሲተፋ ላይ ነው የመጣሁት።»

ይተፋል! ከሁሉም ቀዳዳ ኩልል ይላል። ሴትየዋም ለካ ልቧ ሙሉ ኖሮ ቤት አስገብታ ሻይ አጠጣችኝ፤ ስለ ቅንድቦ ሥራ አውርታ አልጠግብ አለች። በማግስቱ ቀጠርኩት። ዋጋውን አልነግርህም፤ ስትሰማ «ተበላሽ» ማለትህ አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሥራ በጀመረ ቀን ቅንድቦ ፌሮህ ፊት ተንበረከከ። በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን ፈተገው። «ላይ ላዩን ነው፤ ውስጡ ጤነኛ ነው። ዳር ያሉትን ጥቂቶቹን ብቻ እንቀይራለን» አለኝ። በደስታ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ግን አልተነሳም። ማሰሪያ ሽቦውን በጣቱ እየነካካ ብዙ ቆየ።

«እትዬ፣ ይሄን ያሰረው ሰው ግራኝ ነው?»

«ነው። በምን አወቅህ?»

«ሰው ሁሉ ሽቦ የሚጠመዝዘው ወደ ቀኝ ነው። ይሄ ወደ ግራ ነው የዞረው። ጫፉም የሠራተኛ እጅ እንዳይቧጭር ወደ ውስጥ ታጥፏል። እንዲህ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ እኔንም ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው። ካቦ ግራው!»

ኩራቴን ባየህልኝ! ወገቤን ይዤ «ባለቤቴ ነው» አልኩት። እሱም ደስ ብሎት ብድግ አለና፣ ያለ ምንም ክፋት፣ «ታዲያ አሁን ወገቡ እንዴት ሆነለት?» አለኝ።

ስለ ወገብህ የሰማሁት ነገር አልነበረም። ግን እኔን ታውቀኛለህ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ተመስገን፣ ከበፊቱ ይሻለዋል» አልኩት። የማውቅ ከመሰለው እንደሚያወራልኝ ገብቶኛል። አወራልኝም። ከመወጣጫው ላይ መውደቅህን። ሆስፒታል መተኛትህን። ካቦነቱ ቀርቶ አሁን መጋዘን ውስጥ ተቀምጠህ ሲሚንቶ እንደምታስረክብ፣ ያለ ምርኩዝ እንደማትሄድ። ከመጋዘናችሁ በላይ ካለው የድንጋይ መፍጫ ጠጠር ሊጭን ሲያልፍ ጎራ ብሎ «ለምን ቤትህ ገብተህ አታርፍም?» ብሎህ እንደነበር። «የጀመርኩት ግንብ አለ፤ ሳልጨርሰው ምን ብዬ እገባለሁ? በዚህ ወገቤስ ምኑን እጨርሰዋለሁ?» አልከው አሉ።

ወደ ኩሽና ገባሁ። ተናደድኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ እንደገና ተናደድኩ።

አንተ ሰውዬ! እኔ እኮ ሴት መስላኝ ነበር። ድምፅህ ሲቀዘቅዝብኝ፣ «ሥራ በዛ» ስትለኝ፣ እመጣለሁ ብለህ ስትቀር፣ አይቻት የማላውቃትን ሴት በልቤ ፀጉሯን ስነጭ ከረምኩ። ስንቱን ስም ሰጠኋት መሰለህ። ለካስ ምርኩዝ ኖራለች! እውነቱን ልንገርህና ደስ አለኝ። ባሏ ወደቀ ሲሏት ደስ የሚላት ሴት ከኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም፤ አፈርኩም። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ሆስፒታል ስትተኛ ማን ፊትህን አጠበልህ? ማን ደግፎ አስነሳህ? እኔ እዚህ እየሰደብኩህ አንተ እዚያ ጣራ ጣራ ስታይ ነበር፤ እሱ ነው አንጀቴን የበላው። ይቅር የማልልህም መውደቅህን አይደለም፣ ብቻህን መተኛትህን ነው።

ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ከቅንድቦ ጋር የተነጋገርነው ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ድረስ የኮንክሪት ደረጃ እንዲሠራልኝ ነበር።

«ደረጃውን ተወው። ቀስ ብሎ የሚወጣ ተዳፋት አድርግልኝ» አልኩት።

«ለመኪና?»

«መኪናማ የት አለንና!»

ቅንድቡን ከፍ አድርጎ አየኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ «አያውቁም ነበር፣ አይደል እትዬ?» አለኝ።

«አሁን አውቄያለሁ። ሥራህን ሥራ።»

 «ሳይደርቅ ላዩን በመጥረጊያ እናሻክረዋለን፤ ዝናብ ቢሆንም አያንሸራትትም» አለ። እንዳለውም አደረገ። ከበሩ ፊት ያለውንም ወለል አሰፋነው፤ አሁን ወንበር አውጥተን መንገዱን እያየን መቀመጥ እንችላለን። ኮንክሪቱ እንዳይሰነጠቅ ጠዋትና ማታ ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ። ልጅህ «አባዬን እንዲህ ተንከባክበሽው ታውቂያለሽ?» ትለኛለች፤ ያሳደግካት አንተ ነህ፣ ምላሷን ከማን እንዳመጣችው አንተው ታውቃለህ። መርገጥ ሲፈቀድልኝ ደግሞ ከጎረቤት ሽማግሌ ምርኩዝ ተውሼ፣ ወገቡን እንዳመመው ሰው ጎበጥ ብዬ፣ ከአጥሩ በር እስከ ቤት ወጣሁ ወረድኩ። ሰፈሩ አረጀች ብሎኛል። ይበል። እግሬ አንድም ጊዜ አልከዳኝም።

የጓሮው ግንብ ወዲያኛው ጫፍ በኮንክሪት ተሞልቶ አልቋል። ከጀርባው ድንጋይ ተደርድሮ፣ ቱቦው ተቀብሮ፣ ቀዳዳው ሁሉ ክፍት ነው። አንተ ያሰርከው ወገን ግን ገና ነው። ኮንክሪቱን የሚይዘው ጣውላ በአንድ በኩል ቆሟል፤ በዚህኛው በኩል ፌሮህ እንዲታይ ክፍት ትተነዋል። ኮንክሪቱ የሚሞላው ቅዳሜ ነው። ቅንድቦ «የአስተማሪዬን ፌሮ እሱ ሳያየው ኮንክሪት አላፈስበትም» ብሏል። ሌላም ነገር ብሏል፤ በራሱ አፍ ሊነግርህ ነበር፣ እኔ ግን ልሰርቅበት ነው፦ «ጉልበት ያላቸው ልጆች ሞልተውልኛል። የጎደለኝ ከመሞላቱ በፊት ቆሞ የሚያይልኝ ዓይን ነው።» አዝኖልህ ይመስልህ ይሆናል። እኔም መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ልጆቹ ጣውላ አጣምመው አቁመው ራሱን ይዞ ሲጮህባቸው ሳየው ግን የምሩን እንደሆነ አመንኩ።

ግንብ ጨርሰህ እንድትገባ ያዘዘህስ ማነው? እኔ ያገባሁት ግንብ አይደለም። ዳገቱን ሌላ ሰው ያቆመዋል፣ ይኸው አቆመው። ከጎኔ የሚተኛ፣ ራት ላይ ስለ ጠጠር የሚያደክመኝ ሌላ ሰው ግን ማንም ኮንትራክተር አያመጣልኝም። ናፍቀኸኛል። በስልክ ብዬህ ስለማላውቅ በወረቀት ልበልህ፦ በጣም ናፍቀኸኛል።

ፈጣሪ አጥንትህን ያጽናልህ። የመንገዱን ጉድጓድ ያለስልስልህ። ያሰርከው ሲሞላ በዓይንህ ለማየት ያብቃህ።

ያንተው፣
የልጅህ እናት

ይህን ወረቀት ያቀበለህ ሰው ማን እንደሆነ ቅንድቡን አይተህ ሳትገምት አልቀረህም። አሁን ውጭ ቆሞ የመኪናውን ጎማ የሚያይ መስሎ እየጠበቀህ ነው። ጠጠሩን ጭኖ ጨርሷል፤ የፊት ወንበሩን ባዶ አድርጎ ነው የመጣው። ለአለቃህ የምትለውን በል፣ ለኔ ግን መልስ አትጻፍልኝ። ምርኩዝህን ያዝና መኪናው ላይ ውጣ።