በእኔ ስም ልጄ የተፈተነው የሚዛን ፈተና

ይድረስ የአረጋውያንን የሚዛን መተማመን መጠይቅ ወደ ቱርክኛ ላላመደው የጥናት ቡድን ሰብሳቢ

ክቡር ፕሮፌሰር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ቁርጭምጭሚትዎ ደህና ነው ወይ? እኔ ነሪማን ቾላክ፣ የሰባ ስምንት ዓመት ጡረተኛ የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ ከሪዜ ከተማ በላይ ካለው የሻይ ተዳፋት ላይ ቀጥ ብዬ ቆሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለቡድንዎ ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ውለታችሁ በጓዳ እንዳይቀር ብዬ ይህን ደብዳቤ ለከተማችን ጋዜጣም ልኬዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ቱርጋይ ወደ ሆስፒታላችሁ ይዞኝ መጣ። ወጣቱ ተመራማሪዎ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ «አክስቴ፣ ይህን ይህን ሲሠሩ ሚዛንዎን እንደማይስቱ ምን ያህል ይተማመናሉ? ከዜሮ እስከ መቶ ይንገሩኝ» አለኝ። ምስጋናዬ ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ጥያቄዎቹን በቋንቋችን ስላመጣችሁልን አመሰግናለሁ። ሰላሳ አምስት ዓመት የተማሪ ድርሰት ያረምኩ ሰው ነኝና፣ በቱርክኛችሁ እንከን አላገኘሁበትም። ብቻ በገበያ አዳራሽ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ስወጣ ምን እንደሚሰማኝ ስትጠይቁኝ፣ እኛ ሰፈር ደረጃው ባለበት ቆሞ የምንንቀሳቀሰው እኛ መሆናችንን የነገራችሁ ሰው አልነበረም መሰለኝ። ጫማችንን ደጃፍ ላይ በአንድ እግር ቆመን የምናወልቅ ሕዝብ መሆናችንም ከመጠይቁ ውስጥ የለም። እናንተ ቤት እንዴት እንደሚገባ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሒሳባችሁ። «ደረጃ ሲወርዱስ?» ሲለኝ «ኢንሻአላህ አልወድቅም» አልኩት። በእኛ ዘንድ በዚህ ዕድሜ «መቶ በመቶ» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው፣ በማግስቱ ደረጃው ሥር ተዘርግቶ ይገኛል ተብሎ ይፈራል። ተመራማሪው ትንሽ አሰበና ሃምሳ ጻፈ። የፈጣሪን ፈቃድ እኩል ለሁለት በመክፈላችሁ እንኳን ደስ አላችሁ፤ ከዚህ በፊት የደፈረ አልሰማሁም።

ሦስተኛውን ስጽፍ በንዴት ብዕሬን ተጭኜ ወረቀቱን በስቼዋለሁ፤ እባክዎ እንደ ሕመም ምልክት አይመዝግቡብኝ። ከሃምሳው በኋላ ተመራማሪው ፊቱን ወደ ልጄ አዞረ። «ወንበር ላይ ቆመው ከመደርደሪያ ዕቃ ያወርዳሉ?» ቱርጋይ፣ «ኧረ በፍጹም! መች ፈቅደንላት!» ዜሮ ተጻፈ። «ሰው በሚጋፋበት ቦታስ?» «ብቻዋን? ገና ሳስበው እኔን ያዞረኛል!» አሁንም ዜሮ። «ተማሪ ቱርጋይ፣ የተጠየቀው ማነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «እማዬ፣ አንቺ አትድከሚ» አለኝ።

ልጄ ይወደኛል፣ ክፋት የለበትም፤ የተናገረው ፍርሃቱን ነው። እናንተ ግን የእሱን ፍርሃት ለክታችሁ በእኔ ስም መዘገባችሁት። እኔ በማስተማር ዘመኔ አባት ለልጁ የሠራውን ፈተና አርሜ አላውቅም። ቢያጋጥመኝ ወረቀቱን ቀድጄ ልጁን ራሱን እንደገና እፈትነው ነበር።

ውጤቴ ሠላሳ ስምንት ከመቶ ሆነ። ቱርጋይ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ ከመጪው የዒድ በዓል በፊት ቤቴን ዘግቶ፣ የሻይ ማሳዬን ለጎረቤት ሰጥቶ፣ አንካራ ከዘጠነኛ ፎቅ ላይ ሊያስቀምጠኝ ወሰነ። እዚያ አሳንሰር አለ፣ ተዳፋት የለም፤ የማውቀው ሰውም የለም። ባሌ ጀላል የተቀበረው እዚሁ ከማሳችን ራስ ላይ ነው። በየዓርቡ ወጥቼ የፋቲሓን ጸሎት እቀራለታለሁ። ከዘጠነኛ ፎቅ ሆኜ እንዴት ልድረስለት?

ከሆስፒታላችሁ ስንወጣ ዝናብ ደረጃውን አርጥቦት ነበር። ቱርጋይ ስልኩን እያየ ሲወርድ አዳለጠው፤ ክንዱን ለቀም አድርጌ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ቀና ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እማዬ፣ ተጠንቀቂ እንጂ!»

ስለዚህ፣ ክቡር ፕሮፌሰር፣ ውጤታችሁን አልቀበልም፣ ከቤቴም አልወጣም። ይህንን ለልጄ ዛሬ ጠዋት በግልጽ ነግሬዋለሁ፤ አኩርፏል፣ ይመለሳል። እወድቅ ይሆናል፣ አላጣሁትም። ባለፈው ግንቦት ማሳው ውስጥ ወድቄያለሁ፤ ተነሥቼ ልብሴን አራግፌ፣ ቅርጫቴን ሞልቼ ተመልሻለሁ። ወድቄ ስለ መነሣቴ የጠየቀኝ ግን የለም። እንደገና የምትጠይቁ ከሆነ ቤቴ ድረስ ኑና እኔኑ ጠይቁኝ፤ ልጄ ደጅ ሆኖ ሻዩን ይጠጣ።

ስለ ልፋታችሁ እጃችሁ ይባረክ እያልኩ፣ ከሚገባችሁም በላይ በሆነ አክብሮት፣ በሁለት እግሬ እንደቆምኩ የምሰናበታችሁ፣

ነሪማን ቾላክ
ጡረተኛ መምህርት፣ የራሷን መልስ ራሷ የምትመልስ

ማሳሰቢያ፦ ሲመጡ ከመንገዱ እስከ ቤቴ ያለው ተዳፋት ረጥቦ ይጠብቅዎታል፤ ደጃፌ ላይም ወንበር የለም፣ ጫማ የሚወልቀው ቆሞ ነው። አይስጉ፣ ክንድዎን እኔ እይዝልዎታለሁ። በራስዎ ከመቶ ስንት እንደሚተማመኑ በመጠየቅም አላደክምዎትም፤ ደውዬ ልጅዎን እጠይቃለሁ።