መርዶ ያልደረሰው ብርሃን፦ የመምህር ፀጋአብ ጦና የሕይወት ታሪክ

መምህር ፀጋአብ ከአባታቸው ከአቶ ጦና ቦሼ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስናቀች፣ በወላይታ ዞን ገሱባ አጠገብ መስከረም 14 ቀን 1967 ዓ.ም ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃን እዚያው ገሱባ፣ ሁለተኛ ደረጃን በሶዶ ተምረው በ1989 ዓ.ም በፊዚክስ ተመረቁ። እዚያው ወላይታ፣ በሻንቶ ከተማ ዘጠኝ ዓመት ሲያስተምሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያያቸው ተማሪ የለም፤ እየተንጎራደዱ ነበር የሚያስተምሩት። በ1994 ዓ.ም ከወ/ሮ ማኅሌት ገበየው ጋር ትዳር መሥርተው ትዝታንና ቃለሕይወትን ወለዱ።

ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው በሶዶ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሆኑ በኋላ፣ ጥቁር ጉድጓድ ኮከብ በጣጥሶ የበላባቸውን ጋላክሲዎች ማጥናት ጀመሩ። የውጭ ቴሌስኮፖች ለሁሉም የለቀቁትን መረጃ እያወረዱ፣ ከመሐል እጅግ ርቆ የሚያበራውን አዮን የሆነ ጋዝ፣ ማለትም ኃይለኛ ብርሃን መትቶት ኤሌክትሮኖቹን ያጣውን ጋዝ ይለኩ ነበር። ጥቁር ጉድጓዱ ሲበላ ዙሪያው ደምቆ ነበር፤ አሁን ደብዝዟል፤ የሩቁ ጋዝ ግን ዛሬም ያበራል። እናታቸው ለምን ብለው ቢጠይቋቸው በወላይትኛ «መርዶው ገና ስላልደረሰው ነው» አሏቸው። ብርሃን እዚያ ለመድረስ ብዙ ሺህ ዓመት ይፈጅበታልና።

ከለኳቸው አምስት ጋላክሲዎች አንዱ ዕረፍት ነሳቸው። ጋዙን ያበራው ጥቁር ጉድጓዱ ነው ብለው በጥናታቸው ጽፈዋል፤ አዲስ የተወለዱ ከዋክብት ቢሆኑስ? ምሳ ሳይጨርሱ ይነሡ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው እንኳ መዳፋቸው ላይ ቁጥር ይጽፉ ነበር።

በ2016 ዓ.ም ኩላሊታቸውን ታመሙ። አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ያንን ጋላክሲ እንደገና እንድትለካ ለተማሪያቸው ለመሲ አደራ ሰጡ። ታኅሣሥ 2018 ውጤቱ ደረሰ፤ መምህሩ ተሳስተዋል፤ ጋዙን ያበሩት ከዋክብቱ ናቸው። እኛ ቤተሰቦቻቸው ሕመሙ ይጠናባቸዋል ብለን እንደ መርዶ ደበቅን፤ መሲንም እንዳትመጣ ከለከልን። እሳቸው ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እያሉ «መሲ ናት?» ይሉ ነበር። በስድስተኛው ቀን እናታቸው ከገሱባ መጥተው ነገሩን ሲሰሙ፣ «መርዶ የሚደበቀው ሰው ለሞተበት ነው፤ ልጄ ማን ሞተበት?» ብለው ተቆጡን። ገብተውም ነገሯቸው። መምህር ፀጋአብ ሳቁ። መሲን አስጠርተው እርማቱን ራሳቸው አጻፉ፤ ስሟ ከስማቸው እንዲቀድምም አዘዙ። ያን ዕለት ምሳቸውን ጨርሰው በሉ።

ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ብዙ ተማሪዎቻቸው ቀርተዋል።

መርዶውን በዚያው ጠዋት ወደ ገሱባም፣ ዘመድ ወዳለበት ወደ ተበላ ከተማም ላክን፤ ለማንም አልደበቅንም። እግዚአብሔር ቁጭ ማለት የማያውቁትን ወንድማችንን በመንግሥቱ ያሳርፍልን፤ ሳይፈታላቸው ይዘውት የሄዱትንም ጥያቄ ሁሉ ሳይደብቅ ይመልስላቸው።