አርባ ደቂቃ ስለሚለው ሰሌዳ

ለተከበሩ የአገር ውስጥ በረራ መምሪያ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ለሚቀመጡበት ወንበር ደኅንነትን እመኛለሁ። እኔ የጎማ ነጋዴ ነኝ፤ የዋልኩበትን ማታ ማታ በማስታወሻዬ የማሰፍር ሰው በመሆኔ፣ የምጽፈው በሐዘን የተጋነነ እንዳይመስልዎት በትሕትና አሳስባለሁ።

በከተማችን አየር ማረፊያ ግድግዳ ላይ ያሰቀሉት ሰሌዳ ከሸለቆው ማዶ እስካለው፣ ትልቁ ሆስፒታል እስከሚገኝበት ከተማ ድረስ ያለው የአየር ርቀት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር፣ የጉዞው ጊዜም አርባ ደቂቃ መሆኑን ይገልጻል። ስለ ጽሕፈቱ ማማር አመሰግናለሁ። ታላቅ እኅቴ አንጀቷ ታጥፎ፣ ሐኪሙ ዛሬውኑ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት አትተርፍም ባለን ጊዜ፣ ጎረቤታችን ሹፌሩ “እትዬን እኔ ላድርሳት፣ ሲመሽ እንገባለን” ብሎ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ባለቤቷ ግን “አርባ ደቂቃ እያለ በኮረኮንች እናንገላታት?” አለ፤ ሰሌዳዎን ያነበበ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይል ነበር።

ቅሬታዎቼ እነዚህ ናቸው፦

1. በሁለቱም ማረፊያዎች ነዳጅ ስለሌለ አውሮፕላኑ መጀመሪያ ወደ ዋናው ከተማ ሄዶ እንደሚቀዳ፣ እዚያም ተሳፋሪ እስኪሞላለት እንደሚቆም የተነገረን ሹፌሩን አሰናብተን ከተሳፈርን በኋላ ነው።

2. እኅቴ በዋናው ከተማ ማረፊያ አዳራሽ፣ በብረት ወንበሮች ላይ ጋደም ብላ ሳለች፣ ሠራተኛዎ ወንበሩ ለመቀመጫ እንጂ ለመኝታ እንዳልተሠራ በጨዋ አንደበት አስረድታታለች። እኅቴም “እሺ የኔ ልጅ፣ ትንሽ ታገሺኝ፣ እነሳለሁ” አለቻት። አልተነሳችም። ወደ ቤት የመለሳት፣ ደውለን የጠራነው ያው ሹፌር ነው።

3. ከቀብሩ በኋላ ቢሮዎ ድረስ ሄጄ ነበር። ምክትልዎ ሰሌዳው እንዳልተሳሳተ፣ በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን ቢኖር በትክክል አርባ ደቂቃ እንደሚፈጅበት በስሌት አሳይተውኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ስለ ሰሌዳ ግን የተባለ አላውቅም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ከሥሩ “ቀጥታ በረራ የለም” የሚል ይጻፍበት። ቀለሙንም መሰላሉንም እኔ አቀርባለሁ። ይህን ያህል የምቸኩለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዳቦ ጋጋሪው ትናንት ሰሌዳውን ቆሞ ሲያነብ አይቼዋለሁ፣ ምራቱ ደግሞ ወሯ ገብቷል።

እርስዎ በሚሄዱበት ሁሉ ፈጣሪ ከመነሻዎ በቀጥታ ወደ መድረሻዎ እንዲያደርስዎ እየተመኘሁ፣ ለጊዜዎ ከፍ ያለ አክብሮት እንዳለኝ አረጋግጣለሁ፤

ከማረፊያው በር ፊት ለፊት ያለው የጎማ ነጋዴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መሥሪያ ቤትዎ የላከልኝ የሐዘን መግለጫ በሽንኩርት ጭነት መኪና በተጻፈበት ዕለት ደርሶኛል። ለካ የሚያስቸኩል ነገር ሲኖርዎ በየት እንደሚላክ ያውቁ ኖሯል።