እማዬ በስምህ ስትጠራኝ

ቡሳን፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2018

ውድ ወንድሜ ጊልዎን፣

እንደምን ሰነበትክ? እዚያ አንተ ያለህበት ላስ ፓልማስ ብርድ አያውቅም ብለኸኝ ነበር፤ እዚህ ግን የባሕሩ ነፋስ ጆሮ መቁረጥ ጀምሯል። እማዬ ደህና ናት። ሰማንያ ዘጠነኛ ዓመቷን በባሕር አረም ሾርባ አከበርንላት። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምግቧን ትበላለች።

ይህን በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። በስልክ ግን አንተ ትስቃለህ፣ እኔም አብሬህ እስቃለሁ፣ ነገሩ ሳይነገር ይቀራል።

ጊታር መማር ጀምሬያለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሠፈራችን የባህል ማዕከል። አስተማሪያችን ፕዮ የምትባል ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት። በመጀመሪያዎቹ ወራት የጣቶቼ ጫፍ ቆስሎ ምግብ ማንሻ እንጨት መያዝ አቅቶኝ ነበር። አጃቢነቱን እንደምንም ከለመድን በኋላ፣ ከራሳችን የምናፈልቀው ሶሎ ላይ ደረስን። አምስት ድምፅ ሰጠችንና «በነዚህ የፈለጋችሁትን ተናገሩ» አለች። እኔ አምስቱን ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች፣ ደግሞ ወደ ላይ።

«ጋሼ፣ ደረጃውን ወጡ ወረዱ» አለችኝ፤ «ቤት የሚገቡት መቼ ነው?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

«መጀመሪያ በአፍዎ ያዚሙት፤ ያዜሙትን ብቻ ይጫወቱ። ሁለት ሦስት ድምፅ ይበቃል። ከዚያ ዝም ይበሉና ለራስዎ ይመልሱለት።»

ቤት ገብቼ አዜምኩ። ከአፌ የወጣችው ያንተ ዜማ ነበረች። እኔ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሳጠና፣ አንተ ከእራት በፊት በዚያች ጠባብ ክፍላችን በጊታርህ የምትጫወታት፣ መጨረሻዋ ላይ ክሩን ገፍተህ ድምፁን እንደ ጥያቄ የምታነሳት። ያኔ «ዝም በል» እያልኩ መዝገበ ቃላት እወረውርብህ ነበር። ለካ አንዲት ድምፅ እንኳ አላመለጠችኝም።

ሦስት ወር ሙሉ ተለማመድኳት። በስልኬ ራሴን እቀዳና እሰማለሁ፤ አፍራለሁ፤ እደግማለሁ። መጨረሻዋ ላይ ክሩን በአንድ ጣት ስገፋው ድምፁ አንተ ወደምታወጣው ከፍታ አልደርስ አለ። ፕዮ በሦስት ጣት ደግፌ እንድገፋው አሳየችኝ፤ ደረሰ።

ባለፈው ወር ቅዳሜ ከሰዓት በቤተሰቦቻችን ፊት ዝግጅት ነበረን። ሁሉም ተማሪ ከራሱ ያፈለቀውን ይጫወታል ተባለ። እኔ ያንተን ተጫወትኩ። ጭብጨባው በረታ። ፕዮ ሰው ሁሉ እየሰማ «ጋሼ፣ ይሄን ከየት አመጡት?» አለችኝ።

«እንዲሁ መጣልኝ» አልኩ።

እማዬ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር። «ጊልዎን ነው እኮ» አለች ጮክ ብላ። «ጊልዎን መቼ ገባ?»

ሰው ዞሮ አያት። ፕዮ ጠጋ ብላ «ጊልዎን ማን ነው?» ስትለኝ፣ «እርጅና ነው፤ ነገር ይምታታባታል» አልኳት። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች አዝነው እጇን ዳሰሱላት። እማዬ እኔን አየችኝ። በትክክል የሰማችው እሷ ብቻ ነበረች፣ እኔ ግን በሰው ፊት ጃጅታለች አልኩ።

በተከታዩ ማክሰኞ ለፕዮ እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችም። «ታዲያ ወንድምዎ ለምን ሄዱ?» አለችኝ። «ለሥራ» ብዬ አለፍኩት። አባባ እራት ላይ «ከሁለታችሁ አንዳችሁ መርከብ ላይ ሥራ መግባት አለባችሁ» ያለ ቀን፣ ታላቁ እኔ ሆኜ ሳህኔን እያየሁ ሩዜን ማኘክ መቀጠሌን አልነገርኳትም። «እኔ እሄዳለሁ» ያልከው አንተ ነህ። ሃያ ዓመትህ ነበር። ጊታርህን ግድግዳ ላይ ትተህልኝ ሄድክ፤ ያን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አልነካሁትም።

ፕዮ ያንተን ተጫውቼ ስጨርስ የራሴን እንድቀጥልበት መከረችኝ። እስካሁን ከአራት ድምፅ አላለፍኩም።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ፣ ከምሳ በኋላ ስለማመድ እማዬ መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች። ጊልዎን ትለኛለች። መጀመሪያ አርማት ነበር፤ አሁን «አቤት» እላለሁ። ሌላ ነገር አትስትም፤ የመድኃኒቷን ሰዓት እንኳ የምታስታውሰኝ እሷ ናት። «ባሕሩ ላይ ይበርድሃል?» ትለኛለች፤ አይበርደኝም እላታለሁ። «እዚያ ሩዝ ይገኛል?» ትለኛለች፤ ሞልቷል እላታለሁ።

ትናንት የበሰለ የካኪ ፍሬ እየላጠች፣ ቀና ሳትል «ጊልዎን፣ በወንድምህ ተቀይመሃል?» አለችኝ።

እጄ ክሩ ላይ ቀረ። ሌላውን ሁሉ ባንተ ስም መልሼላታለሁ። ይህን ግን አልቻልኩም። «ቆዪኝ እማዬ፣ አስቤ እነግርሻለሁ» አልኳት። ዛሬም ቁርስ ላይ ጠየቀችኝ።

ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጉልበትህን ይጠብቅልህ፤ ባሕሩም እርጅናህም ይራሩልህ። መልሱን በራስህ ቃል ጻፍልኝ። ምንም ይሁን፣ እንደጻፍከው አነብላታለሁ።

ታላቅ ወንድምህ
ጊልሱ